በግራ ክንፍ ሥር ያለች ቀዳዳ

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ሳቁበት። በአባቴ ካፖርት ሳቁበት።

ትናንት ልጽፈው ነበር፤ አልቻልኩም። ዛሬ ከሥር ከመሠረቱ ልጻፈው፤ ምናልባት ይወጣልኝ ይሆናል።

ጌታሁን የሥዕል መምህር ነው። እኔም ከአራት ዓመት በፊት እዚያው ትምህርት ቤት አብሬው አስተምር ነበር። ሥራዬን ለቅቄ፣ ሐዋሳ ዳር ቱላ ባለው ቤቴ ጓሮ በጡብ እቶን ሠርቼ፣ የሸክላ ወፍ መሥራት ስጀምር «ወይኒ፣ እኔንም አስተምሪኝ» ብሎ መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሮዬ ተቀምጦ ጭቃ አቦካ፤ ሽሮዬን በላ፤ ከአባቴ ጋር ዳማ ተጫወተ። አባቴ ሲያርፍ ድንኳን ተካዮቹ መሃል ነበር። ከዚያም ጥቂት ወር ተመላለሰና ጠፋ። ሥራ በዛብኝ አለ።

ትናንት ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ኤግዚቢሽን ከፈተ። እኔን አልጠራኝም፤ ከሰው ሰምቼ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ሥዕሎቹ። ጠረጴዛ ላይ በእኔ እቶን የተተኮሱ ትንንሽ ወፎቹ። መሃል ላይ ደግሞ ቁመቱ ወገቤ ድረስ የሚሆን፣ ገና ያልተተኮሰ የጭቃ አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ በራ ትልቅ የሐይቅ አሞራ። አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ፣ ሁለት ክንፎቹን ካፖርት እንደለበሰ ሰው እጅ ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል።

ያ አቋም የወፍ አይደለም። የአባቴ ነው።

አባቴ አቶ ዘነበ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነው። ከጎንደር ሐዋሳ ሲመደብ እናቱ የገዛችለትን ግራጫ ካፖርት በዚህ ሁሉ ሙቀት ሳያወልቀው ኖረ። ጡረታ ከወጣ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርዶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ዓሣ ከሚለቅሙት አባ ኮዳዎች መሃል ይቆማል። ዓሣ አጥማጆቹ «የመዝገብ ቤቱ አባ ኮዳ» ይሉት ነበር። ደስ ይለው ነበር። ሲሞት በሐዘን ላይ ሆኜ የሠራሁት ወፍ እሱን ነው፤ ይኸው አሁንም በረንዳዬ ላይ ቆሟል። ጌታሁን ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ስንቴ ሥሎታል!

አንዲት ሴትዮ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ብላ ጠየቀችው። «ጉቦ የለመደ የቢሮ ሹም ነው» አላት። «ጡረታ ወጥቶም የሰው እጅ እጅ ያያል።» ሠላሳ የሚሆን ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ። ቀና ሲል በሩ ላይ አየኝ፤ ሳቁ እዚያው አፉ ላይ ደረቀ።

አባቴ ከባለጉዳይ እጅ አንዲት ብርቱካን ተቀብሎ የማያውቅ ሰው ነው። አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ጥለውለት የሄዱትን እንኳ ሮጦ ደርሶ ይመልስ ነበር። እኛ ልጆቹ በዚህ ስንናደድበት ነው ያደግነው።

ምን ላድርገው?

– ለሆቴሉ ባለቤት መንገር። (ቀናች ነው የሚለኝ።)
– ፌስቡክ ላይ መለጠፍ። (ሁለት ቀን ይወራል፣ በሦስተኛው ሌላ ወሬ ይመጣል።)
– ትምህርት ቤቱ ሄዶ ተማሪዎቹ ፊት መስደብ። (ተማሪዎቹ ምን አደረጉኝ?)
– ወፉ ገና አልተተኮሰም። አንድ ባልዲ ውኃ ብቻ ይበቃዋል።

የመጨረሻውን ሦስት ጊዜ አሰመርኩበት። ትናንት የገና ጾም ገባ። ሌላው ሰው በጸሎት ጀመረው፣ እኔ በቂም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ሽማግሌ ላከብኝ! ዓይኑን በጨው አጥቦ ሽማግሌ ላከብኝ!

ጠዋት ጭቃ እያቦካሁ የግቢው በር ተንኳኳ። ጋሽ ማሞ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ሠላሳውን ዓመት መዝገብ ቤት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰው። አብረዋቸው አቶ ሳሙኤል አሉ፤ መሃል ከተማ የቀለምና የሲሚንቶ ሱቅ ያላቸው፣ በቸርቻቸው ሽማግሌ የሆኑ፣ የተከበሩ የሲዳማ ሰው። እጄን ታጥቤ ወንበር አወጣሁ። ማንም አልተቀመጠም።

«እሺ ሳትይን አንቀመጥም፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ማሞ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሆቴሉ ባለቤት አባ ኮዳውን ወዶታል። የመጪው ሳምንት ሐሙስ አዲሱ የአትክልት ቦታ ሲመረቅ እዚያ መሃል እንዲቆምለት ይፈልጋል። ጭቃ ደግሞ ሳይተኮስ ደጅ ቢቆም የመጀመሪያው ካፊያ ያቀልጠዋል። ያንን የሚያክል ወፍ የሚያስገባ እቶን በከተማው ውስጥ የእኔ ብቻ ነው።

«አስቀይሜያታለሁ ብሎናል» አሉ አቶ ሳሙኤል። «በምን እንደሆነ አልነገረንም። ሲነግረን ግን አንገቱን ደፍቶ ነው።»

አልነገራቸውም! እኔም መናገር እችል ነበር። ግን ያንን የጉቦ ቃል ለማስረዳት ልድገመው ነው፤ ጋሽ ማሞ ፊት ልድገመው ነው። አፌ አልታዘዘልኝም።

ጋሽ ማሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግራቸው እየተደገፉ ቆሙ። ማየቴን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ግን አየሁ፣ ትንሽም አቆየኋቸው። በዚህ መሃል ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ወፉ በገዛ እግሩ ወደ እጄ እየመጣ ነው። እሳቱ የእኔ። እንጨቱ የእኔ። ሸክላ እቶን ውስጥ ስንት ነገር ይሆናል፤ ማን ምን ይለኛል?

«እሺ፣ ይምጣ» አልኩ።

ተቀመጡ። ሻይ ጠጡ። ጋሽ ማሞ ሲሄዱ ራሴን ዳበስ አድርገው «እንደ አባትሽ ሆደ ሰፊ ነሽ» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ወፉ በባጃጅ መጣ። ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የተሳፋሪው ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ መንቆሩ ብቻ ወደ ውጭ ብቅ ብሏል። ሾፌሩ «እህቴ፣ እስከ ቱላ ድረስ ስንት ሰው እጁን እያነሳ ሰላም አለው መሰለሽ» ብሎ ይስቃል። ጌታሁን አልመጣም። ያዋጣዋል።

ሼዱ ሥር አቁሜ ዞርኩት። ስህተት ለመፈለግ ነው፤ ልዋሽ አይገባም። እግሮቹ ወፍረዋል። አንገቱ ጥሩ ነው (ተናደድኩ)። መንቆሩ ትንሽ ረዝሟል።

ከዚያ ጎንበስ ብዬ በግራ ክንፉ ሥር አየሁ። ቀዳዳዋ አለች! የእኔ ወፎች ሁሉ ያሏቸው፣ ከአተር ፍሬ የማትበልጥ ቀዳዳ። ትክክለኛው ቦታ ላይ፣ ዙሪያዋ በደንብ ተስተካክሎ። ከዕቃዎቼ መሃል የአባቴን የድሮ ጃንጥላ ሽቦ አነሳሁና አስገባሁት። በጣቴ አንድ አንጓ ያህል ሄዶ ቀጥ አለ። ወደ ባዶው ሆዱ አይዘልቅም፤ ግድግዳው ድፍን ጭቃ ነው።

ብቻዬን ሳቅሁ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ።

ምልክት መስላዋለች! ፊርማዬ መስላው ገልብጧታል። እሁድ ለእንግዶቹ «እዚህ ጋ የልቡ ቦታ ነው» ሲል የሰማሁት ስለ እሷ ነበር ለካ። ቀዳዳዋ እኮ የእንፋሎት መውጫ ናት። ወፉ ውስጡ ባዶ ነው፤ ዙሪያውን ከተደፈነ ላዩ ይደርቃል እንጂ ውስጡ እርጥበቱን ይዞ ይቀራል። እቶን ውስጥ ሲገባ ያ እርጥበት ይፈላል፣ መውጫ ያጣል፣ ከዚያ ድው!

እንዴት ሳያውቅ ቀረ? ተኩስ ቀን ቆሞ ስለማያውቅ ነዋ። ጭሱ ለዓይኔ አይስማማኝም ይልና እንጨት ሳነድ ሹልክ ይላል። ትንንሾቹን ወፎቹን ደግሞ እቶን ከማስገባቴ በፊት እኔው ነበርኩ የምበሳለት። እንዳላሳፍረው ብዬ አልነገርኩትም። ሁለት ዓመት ሙሉ አለማወቁን የደበቅኩለት እኔ ነኝ።

አሁን ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም። ባልዲ ውኃም አያስፈልግ። አፌን መዝጋት ብቻ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ደወለ። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

«ወይኒ፣ አመሰግናለሁ። ስለ እሁዱ ነገር ደግሞ…»

«ሰው መጥቷል፣ ሥራ ይዣለሁ» አልኩት።

«ወፉ ደኅና ነው? ለመተኮስ የሚያስፈልገው ነገር ካለ…»

«ምንም አያስፈልገውም» አልኩት። ዘጋሁ። እንዲህ ረጋ ብዬ መዋሸት እንደምችል አላውቅም ነበር።

ዛሬ ሲሠራ የዋለው ሐሳቤ ብቻ ነው። ስብርባሪውን የምሰጥበትን የማዳበሪያ ከረጢት መረጥኩ። አጠብኩት ደግሞ! ንጹሕ ከረጢት ይዤ ሆቴሉ ድረስ እሄዳለሁ፤ ባለቤቱ ፊት እግሩ ሥር አስቀምጥለታለሁ። «ውይ ጌታሁን፣ ምን ሆኖ ነው? ቀዳዳ አልነበረውም እንዴ?» እላለሁ። መስታወት ፊት ቆሜ ፊቴን አለማመድኩት። የሚያዝን ፊት ይዞ መቆየት ከባድ ነው፣ ከንፈሬ እያመለጠኝ አስቸገረኝ።

ሽሮ ሠርቼ በላሁ። በደንብ በላሁ። ከእሁድ ወዲህ ምግብ የጣመኝ ዛሬ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አሳሰበኝ። ሲፈነዳ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይሰብራል። ሸክላ ሠሪዋ እማማ ዱካሌ ደግሞ እቶን በነደደ ቁጥር ማሰሮዎቻቸውን አብረው ያስገባሉ። ለሳቸው በጡብ መከለያ እሠራላቸዋለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ከጠዋት ጀምሮ እቶን ሞላን። እማማ ዱካሌ አሥራ አራት ማሰሮ በጋሪ አምጥተዋል። ሸክላ ሠሪ ናቸው፣ ከእናታቸው የተማሩ። የተሰበረ ገል ፈጭቶ ጭቃ ውስጥ መጨመርን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ያንን ባላውቅ ኖሮ ዛሬ ወፍ የምለው ነገር አይኖረኝም ነበር። ልማድ አላቸው። እቶን ውስጥ የሚገባውን ሁሉ፣ የራሳቸውንም የእኔንም፣ በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ።

አባ ኮዳውን አንኳኩ። ደገሙ። ወደ ሆዱ ዝቅ ብለው ደግሞ አንኳኩ።

«ይሄ አይናገርም» አሉ። «ሆዱ እርጥብ ነው። መውጫ የለው።»

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

ተነሥተው ወደ እቶኑ ሄዱና ማሰሮዎቻቸውን ማውጣት ጀመሩ። አንድ በአንድ። እያቀፉ እያወጡ ጋሪው ላይ፣ ሣሩ መሃል ይደረድራሉ። መከለያ እሠራለሁ፣ አይነካብዎትም ብዬ እየተከተልኩ ለመንኳቸው። ልረዳቸው እጄን ስዘረጋ በክንዳቸው ገፋ አደረጉኝ።

«መሰበር ፈርቼ አይደለም» አሉ። «እኔ ልጅ ሆኜ ጀምሬ ሸክላ እሠራለሁ። ሰው ማሰሮዬን ይገዛል፣ እጄን አይጨብጥም። ስንት ሰው ንቆኛል። እኔ ግን የሰው ሥራ አውቄ ሰብሬ አላውቅም።»

«ምን እንዳደረገኝ አያውቁም፣ እማማ!» ጮህኩ መሰለኝ።

«አላውቅም። እቶኑ ያንቺ ነው፣ አድርጊ። የኔ ማሰሮ ግን አያይም።»

አሥራ አራተኛውን ጭነው ሄዱ። ጋሪው መንገዱ መታጠፊያ ላይ እስኪሰወር ቆሜ አየሁ። ተናድጃለሁ። በእሳቸው ነው የተናደድኩት፤ ሌላ በማን ልናደድ? በዳዩን ትተው ተበዳይን ይቆጣሉ።

እንጨቱን ፈልጬ ጨረስኩ። ነገ ጽዮን ማርያም ናት፣ አላነድም። ሰኞ አነድዳለሁ። ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ጸለይኩ ለማለት አልደፍርም፤ ቆምኩ።

ቤት ስመለስ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ሼዱ ሥር ገባሁ። ወፉ ፊት በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ለመጨረሻ ጊዜ ልየው ብዬ ነው፤ ወይም የእማማ ዱካሌ ነገር አልወጣልኝ ብሎ ይሆናል። ፀሐይዋ በጎን ገብታ ግራ ክንፉን አብርታዋለች። ያኔ ነው ያየሁት።

የግራ ክንፉ የታችኛው ላባ ወደ ታች ወርዷል። ከባድ ነገር እንደያዘ ተለጥጧል። ረቡዕ ዕለት አይቼው «ክንፍ ማስተካከል አያውቅም» ብዬ አልፌው ነበር። ስህተት አይደለም። ኪስ ነው።

የአባቴ ካፖርት የግራ ኪሱ የተንጠለጠለ ነበር። አሞራ ገደል አንድ እግሩ የሚያነክስ አባ ኮዳ ነበረ፤ ሌሎቹ እየቀደሙት የሚራብ። አባቴ ከዓሣ አጥማጆቹ የዓሣ ጭንቅላት ለምኖ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በግራ ኪሱ እየያዘ ለእሱ ብቻ ይሰጠው ነበር። ቤታችን ዓሣ ዓሣ ይሸታል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ያንን ኪስ ስንቴ በሎሚ አጥባለች፣ ስንቴ ተጣልተውበታል!

የእኔ ወፍ ኪስ የለውም። በረንዳ ወጥቼ አየሁት። የለውም። አንገቱን አስታውሻለሁ፣ እጁን አስታውሻለሁ፣ ኪሱን ረስቻለሁ። የገዛ ልጁ ረሳሁት፣ ጌታሁን አስታወሰው። ዳማ ሲጫወቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ አይቶታል፤ ዝም ብሎ ማየት ብቻም አይደለም፣ በልቡ ይዞታል።

አለቀስኩ። ደረቴ እስኪያመኝ አለቀስኩ።

ከዚያ ከበፊቱ የባሰ ተናደድኩ። አባቴን ባያውቀው ኖሮ ያ ቀልድ የሞኝ ቀልድ ነው ብዬ እተወው ነበር። ግን ያውቀዋል! ለአንካሳ ወፍ የሚለምነውን ሰው፣ ኪሱን ሳይቀር እያወቀ፣ ሰው ለማሳቅ ብሎ ጉቦኛ አደረገው።

አላፈነዳውም። ለጌታሁን አዝኜለት አይደለም፣ ይህ በግልጽ ይጻፍ። የአባቴን ኪስ በእጄ አልሰብርም፣ ያ ብቻ ነው። እሱ ግን አያመልጥም። ለጋሽ ማሞ ደወልኩ። «ነገ ከአቶ ሳሙኤል ጋር ይምጡልኝ። ጌታሁንንም ይዛችሁት ኑ። ጉዳዩን አሁን እናገራለሁ» አልኳቸው።

እሁድ፣ ኅዳር 22

ከሰዓት መጡ። አቶ ሳሙኤል ከቸርች በቀጥታ፣ በሙሉ ልብሳቸው። ለሁለቱ ሽማግሌዎች ወንበር አቀረብኩ፤ ዛሬ ተቀመጡ። ለጌታሁን አላቀረብኩም። ፀሐዩ ላይ ቆመ። ከስቷል። አላሳዘነኝም፣ ወይም ትንሽ ነው ያሳዘነኝ።

«በግራ ክንፉ ሥር ያለችው ቀዳዳ ምንድን ናት?» አልኩት።

ወደ ሽማግሌዎቹ አየ። «እ… ያው፣ አሠራሩ ነው።»

«የምን አሠራር?»

«ያንቺ ወፎች ሁሉ አላቸው እኮ፣ ወይኒ» አለ። በገዛ አፉ! አቶ ሳሙኤል ቀስ ብለው ዞረው በረንዳው ላይ ያለውን አባ ኮዳ አዩት፣ ከዚያ ሼዱ ሥር ያለውን አዩት። ያ አስተያየት ለእኔ ከብዙ ንግግር በለጠልኝ።

የጃንጥላውን ሽቦ አቀበልኩት። «አስገባው።» አስገባ። ቀጥ አለበት። ምን ማለት እንደሆነ አስረዳሁት። እንፋሎቱን፣ እርጥበቱን፣ ሁለት ዓመት የበሳሁለትን። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሳትነግሪኝ ልትተኩሺው ነበር?»

«አዎ።»

ጋሽ ማሞ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ማክሰኞ ዕለት «ሆደ ሰፊ» ያሉኝን አስታውሰው ይሆናል። አፈርኩ። ግን አልቀየርኩትም፣ አዎ ነው መልሱ።

«አሁን ተራህ ነው» አልኩት። «እሁድ ምን እንዳልክ ንገራቸው። ቃል በቃል።»

ከዚያ ተናገረው። ጋሽ ማሞ ፊት፣ «ጉቦ የለመደ» የሚለውን ሳይቀር። «ሴትየዋ ልትስቅ የተዘጋጀች ትመስል ነበር… ደስ ይበላቸው ብዬ… ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ» አለ።

ጋሽ ማሞ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ይመቱታል ብዬ ነበር። እሱን አልፈውት ወደ ወፉ ሄዱ፣ የተለጠጠውን ኪስ በእጃቸው ዳበሱት።

«ዓሣውን እዚህ ነበር የሚያደርገው» አሉ። «ከአሞራ ገደል በቀጥታ እኔን ሊጠይቀኝ ቢሮ ይመጣ ነበር። መዝገብ ቤቱ በሙሉ ይሸት ነበር።»

ጌታሁን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ብይኑን እኔ ሰጠሁ፣ ሽማግሌዎቹ ዋስ ሆኑ። አንደኛ፣ ቀዳዳዋን ራሱ ይበሳል። ሁለተኛ፣ ሰኞ ሲተኮስ ከእሳቱ አይለይም። ሦስተኛ፣ ሐሙስ ምረቃው ላይ፣ በተሰበሰበው ሰው ፊት፣ ወፉ ማን እንደሆነ ይናገራል። ስሙን፣ ሥራውን፣ ኪሱን።

መብሳቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። የደረቀ ጭቃ ቸኮል ካሉበት ክንፉ ይገነጠላል፤ በእርጥብ ጨርቅ እያራሱ ሽቦውን በጣት መሐል ማሽከርከር ነው። ላቡ ጭቃው ላይ ይንጠባጠባል። «ቀስ!» እያልኩ አጠገቡ ቆምኩ። ተደሰትኩበት። ሽቦው ዘልቆ ሲገባ የታፈነ የእርጥብ አፈር ሽታ ወጣ፣ ለሁለታችንም ደረሰን።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ የጋሪ ድምፅ። እማማ ዱካሌ። ማታ «ተበስቷል» ብዬ ልኬባቸው ነበር። ደኅና አደርሽም አላሉኝ። በቀጥታ ወፉ ጋ ሄዱ፣ ጎንበስ ብለው ቀዳዳዋን በትንሿ ጣታቸው ነኩ፣ ከውስጥ የሚመጣውን አየር በጉንጫቸው አዳመጡ። ከዚያ አሥራ አራቱን ማሰሮ ከጋሪው ማውረድ ጀመሩ። ዛሬ ስረዳቸው አልገፉኝም።

በትንሽ እሳት ጀመርን። ጌታሁንን ጭሱ በሚሄድበት በኩል አስቀመጥኩት። ነፋሱ ሲዞር ቦታ ቀየርኩለት፣ እንደገና ጭሱ ወደሚሄድበት። እማማ ዱካሌ አይተውኛል፤ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈን አደረጉ። እየሳቁ እንደሆነ ገባኝ።

በእቶኑ ማያ ቀዳዳ በኩል ቁራጭ መስታወት አስጠጋሁ። ጭጋግ ለበሰ። «ይኸውልህ፣ እየወጣ ነው» አልኩት። ዓይኑ በርበሬ መስሎ እየተናነቀው መጥቶ አየ። እስከ ቀትር ድረስ ጭጋጉ አላቆመም። ያ ሁሉ ውኃ ውስጡ ነበር! እንጨት በተንጣጣ ቁጥር ወፉ የፈነዳ ይመስለኛል። ለጠላቴ ወፍ እንዲህ እጨነቃለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ከቀትር በኋላ መስታወቱ ጠራ። እሳቱን ጨመርን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አፉን በጡብና በጭቃ ደፈንነው። ጌታሁን የመጨረሻውን ጡብ አስቀምጦ «እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር» አለ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

አይከፈትም። ሳይበርድ ከተከፈተ ይሰነጠቃል። እጄን ጡቡ ላይ እየጫንኩ ስመላለስ ዋልኩ። ጌታሁን አራቴ ደወለ። ሦስቱን አላነሳሁም። አራተኛውን አንስቼ «አልበረደም» ብዬ ዘጋሁ።

ያጠብኩትን ከረጢት አጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ከተሰነጠቀስ? ያኔ በምን አፌ ነው የምናገረው?

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

ተከፈተ። ቆሟል!

አንድ ጎኑ በጭስ ጠቁሯል፣ ሌላው ጎኑ ግራጫ ሆኗል፤ ልክ እንደ ካፖርቱ፣ ፀሐይ የበላው ጎንና ያልበላው። ኪሱ ጠርዝ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አለች። አትሰፋም። ማሰሮዎቹ አንዱም አልተነካ። እማማ ዱካሌ ወፉን በአንጓቸው ኳ አደረጉት፤ ደወል መሰለ።

«አሁን ተናገረ» አሉ። ከዚያ እጄን ያዙኝና ጥብቅ አድርገው ጨበጡት። ዓርብ ዕለት ስለ እጃቸው ያሉኝን አስታወስኩ፤ ቶሎ አልለቀቅኋቸውም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

አሁን ከሆቴሉ መመለሴ ነው። ጫማዬን አላወለቅሁም፣ ሳልረሳው ልጻፈው።

አበባው መሃል፣ ሐይቁን እያየ ቆሟል። የሆቴሉ ባለቤት፣ እንግዶች፣ ያቺ ሴትዮ ሳትቀር። ጋሽ ማሞና አቶ ሳሙኤል ከፊት ተቀምጠዋል። ዋስ ናቸው፣ ዓይናቸውን ከጌታሁን ላይ አላነሱም። እኔ ከኋላ ቆምኩ። ማይክ ሰጡት። ሊሰርዘው ይችላል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ።

«ይህ ወፍ አቶ ዘነበ ናቸው» አለ። «ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተዋል። ከሰው እጅ ብርቱካን ተቀብለው አያውቁም። መጀመሪያ የሠራቻቸው ልጃቸው ወይንሸት ናት። እኔ ከእሷ ነው የወሰድኩት። ባለፈው እዚሁ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስለ እሳቸው የተናገርኩት ውሸት ነው።» ባለቤቱ ፊቱን አኮሳተረ። ጌታሁን ቀጠለ፤ «ይህ ኪስ ደግሞ…» ብሎ ቆመ። ደጋግሞ ሞከረ።

ከፊት ወንበር ጋሽ ማሞ ጮክ ብለው «ዓሣ! ዓሣ ነው የሚያደርግበት!» አሉ። «ለአንካሳው ወፍ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ያቺ ሴትዮም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ እንባዬ እየወረደ። አባቴ ይህንን ሳቅ ይወደው ነበር።

ሲያልቅ ጌታሁን ወደ እኔ መጣ። «ይቅር በይኝ» አለ። ሰማሁ አልኩት። ይቅር አልኩህ አላልኩትም፣ እሱም አልጠበቀም። ስዞር የጃኬቱ ኪስ ላይ አንድ ነገር ብቅ ብሎ አየሁ። የአባቴ የጃንጥላ ሽቦ ነው! እሁድ ወስዶ አልመለሰውም።

ነገ ቤቱ ሄጄ እቀበለዋለሁ። ሚስቱ ወንበር ታመጣለች፣ ተቀመጪ ብላ ትለምነኛለች። አልቀመጥም። ነገስ አልቀመጥም፤ ሌላ ቀን ግን እንጃ።